ከንፈር ያልነካቸው ዘጠኝ ፕሌቶች

ሰኞ፣ 4

ለመላው ቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ! ሦስት ዓመት ከአራት ወር ያለ ዕረፍት ስታገለግል የቆየችው የወጥ ቤታችን አምፖል ዛሬ ጠዋት ሻይ በማፍላት ላይ ሳለሁ በድንገት ጠቅ ብላ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። ሥርዓተ ቀብሯ ከቁርስ በኋላ በቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተፈጽሟል። ሟች አላገባችም፣ አልወለደችም። ከአንድ ወንበርና ከአንድ ሽማግሌ በቀር አስታማሚም አልነበራትም።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሲያወርዳት ልጄ ደረሰች።

«አባዬ! በሰማንያ አንድ ዓመትህ ወንበር ላይ?»

«በሰማንያ ዓመቴም ወጥቻለሁ፤ ስላላየሽኝ ነው።»

አስተማሪ ናት። ያላጠና ተማሪ የምታይበትን ዓይን አሳየችኝና አዲሷን አምፖል ራሷ አሰረች። ወደ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ሟቿን ከቅርጫት አወጣኋት። አሁን ኪሴ ውስጥ ናት። እሷ በእጇ ያሰረቻት የመጨረሻዋ አምፖል ነበረች።

እሷ ስል ባለቤቴን ነው። ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ስጽፈው እጄ ይዘገያል።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቀን ቆጠራ ነው። ውጭ አገር የምትማረው የልጅ ልጄ፣ ጠጠር የምላት፣ በሚመጣው ወር በ12 የዶክትሬት መጽሐፏን ለፈታኞች ታቀርባለች። በ15 ቤት ትገባለች። ሁለት ዓመት አላየኋትም። አርባ አንድ ቀን ቀረ።

ረቡዕ፣ 6

ሐኪም ቤት። ወረፋ። ወጣቱ ሐኪም ደረቴን አዳመጠ፣ ጀርባዬን አዳመጠ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አዳመጠ።

«ምን ይላል? ዜና ደርሷል?» አልኩት።

«በሚቀጥለው ሲመጡ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፣ አባት።»

«ባለትዳር ናት፣ ተስፋ ቁረጥ።»

አልሳቀም። የዘንድሮ ሐኪሞች ሁሉን ይማራሉ፤ ቀልድ ሲደርስ ክፍል ይቀራሉ።

እግሬ ትንሽ አብጧል። ጫማው ጠቦ ነው። ለልጄ የሚነገር ነገር የለም።

39።

ሐሙስ፣ 7

ጠጠር ደወለች! ቤቱ ሞቀ።

ጉዳዩን ላልሰማ ሰው ላስረዳ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ የምርምር ተቋም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቴክኒሻን ነበርኩ። ባለቤቴ በዚያው ተቋም ፎቶ የሚታጠብበት የጨለማ ክፍል እመቤት ነበረች። ከፀጉር ብዙ እጥፍ የቀጠነ የማዕድን ቅርፊት ማሽኑ ውስጥ አስቀምጬ የኤሌክትሮን ጨረር እሰድበታለሁ። ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ በተሰለፉት አተሞች መሐል አልፎ ሲወጣ ይበተናል፤ ሲበተን ግን እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ አይደለም፣ እንደ ሰልፈኛ ነው። ከታች ያለው የመስታወት ፕሌት ላይ መሐል አንድ ደማቅ ነጥብ ያርፋል፤ ዙሪያውን ሌሎች ነጥቦች በየቦታቸው ይቆማሉ። እሷ ያንን ፕሌት አጥባ በወረቀት ታትመዋለች።

ጠጠር የምታጠናው ማዕድን ነጥቦቹን ሩብ ዙር ብታዞራቸው ያው ናቸው። እንደገና ሩብ፤ ያው። አራት ጊዜ አዙረህ አራቴም ያንኑ ፊት ታያለህ፣ እንደ ሚስቴ ኩርፊያ። በመስታወት ፊት ብታቆማቸው ግን ያው አይደሉም። ደማቆቹ ነጥቦች ልጆች ከወረቀት እንደሚሠሩት የነፋስ መዘውር ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ፤ ወይ ቀኝ፣ ወይ ግራ። የጠጠር መጽሐፍ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ወዴት ያጋድላሉ? ለምን?

የማዕድኑ ጉድጓድ ከተደፈነ ቆይቷል። ናሙናውም ድሮ አልቋል። የቀሩት በተቋማችን በነበረው ሟች ፕሮፌሰር አልበም ውስጥ ያሉ ዘጠኝ ፎቶዎች ናቸው። ከየጀርባቸው የባለቤቴ ምልክት አለ፤ ትንሽ ክብ፣ መሐሏ ነጥብ።

«አባባ፣ ዘጠኙም ወደ ቀኝ ናቸው! ሦስተኛው ምዕራፌ ሙሉ በሙሉ እማማ እጅ ላይ ነው የቆመው።»

«እጇ ከባድ ነው፣ ይችለዋል። እኔ ጆሮ ላይ ተሞክሯል።»

«መጽሐፉንም ለእሷ ነው የምሰጠው። ‹ስማቸው ላልተጻፈ እጆች› ብዬ።»

ሳል ያዘኝ።

«አባባ? ምነው?»

«ትንኝ ገባችብኝ። መንገድ የማታውቅ ትንኝ።»

ሥዕሉን በልጄ ስልክ ላከችልኝ። አተልቄ አየሁት። ያምራል። ወደ ቀኝ።

38።

እሑድ፣ 10

ከአልጋዬ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ውስጡ ያሉት ተቋሙ አሮጌ ፕሌቶች ሲጥል ለምኜ ያመጣኋቸው ናቸው። ልጄ «የአባዬ ሰባራ መስኮት» ትላቸዋለች። ከሥዕሉ ጋር ላስተያይ ብዬ ዘጠኙን ፈለግሁ። ሁሉም አሉ። አንዱን በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ ምስሉ ያለበት፣ በኬሚካል የተቀባው ፊት ወደ እኔ፣ ማለትም ጨረሩ ከላይ ሲወርድ እንዳየው።

መዘውሩ ወደ ግራ ነው።

ሁለተኛው፣ ግራ። ሦስተኛው፣ ግራ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እጄ ደከመ።

ዓይኔ ነው። ሞራ ጋርዶታል።

ዛሬ ዘነበ። የልጄ ባል ጃንጥላውን ረሳ። ሌላ ወሬ የለም። 35።

ማክሰኞ፣ 12

ጥጉ ላይ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ አለችው። አርባ ዓመት ተሰዳድበናል፤ ወዳጅነት ማለት ይኸው ነው።

«ምን አመጣህ? የቆመ ሰዓት ነው ወይስ የቆምከው ራስህ ነህ?»

«ዝም ብለህ ይችን እይ። ክንፎቹ ወዴት ያጋድላሉ?»

ገለባበጠና «ምንድን ነው? ኩፍኝ የያዘው መስታወት?» አለ።

«በዚህኛው ፊት ያዘው። ወዴት ነው፣ ሰውዬ!»

«ሰዓት በማይዞርበት። ወደ ግራ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሃምሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? የሚዞር ነገር ወዴት እንደሚዞር ካላወቅሁ ሱቁን ልዝጋ!» ማጉያውን አወረደ። «ፊትህ ምነው አመድ መሰለ? ተቀመጥ።»

«ያንተን ፊት ሳይ ነው።»

ግን ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠኝ። አንድም ነቀፌታ ሳልሰነዝር ጨለጥኩት። እሱ ነው የደነገጠው።

ዓርብ፣ 15

ልጄ ትምህርት ቤት ናት፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ከሰዓት በኋላው ረጅም ነው። እስካሁን የሸሸሁትን ልጻፍ።

ጨለማ ክፍሉ ሁለት በር ነበረው። አንዱ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። በሁለቱ መሐል አንድ ሰው ብቻ የሚያቆም ቦታ አለ። ፕሌቶቹን ከማሽኑ አውጥቼ እዚያ እቆምና ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። በዚያ በር ከእኔ በቀር የሚመጣ እንደሌለ እያወቀች «ማነው?» ትላለች። እኔም በየቀኑ ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ አንድ ቀን ግብር ሰብሳቢ፣ አንድ ቀን የጠፋ ወንድሟ፣ አንድ ቀን ከንጉሥ የተላክሁ። «ንጉሡ ይቆዩ፣ እጄ ኬሚካል ነው» ትላለች። ከዚያ ጠባብ ጨለማ የበለጠ ሰፊ ቦታ በዕድሜዬ አልቆምኩም።

ፕሌት አንድ ፊቱ ብቻ ነው የሚቀባው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጠርዙን በከንፈሯ ትነካለች። የተቀባው ፊት ከንፈር ይዞ ይዘገያል፤ ባዶው መስታወት ይሸሻል። በቀይ መብራት እያየችው እንኳ አትተወውም ነበር፤ ልማድ ነው። በእሷ እጅ ያለፈ ፕሌት ሁሉ ጥጉ ላይ ትንፋሽ የመሰለች ጭጋግ አለችው። በመስታወት ላይ የቀና ባል ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ዘጠኙ ላይ ግን ያቺ ጭጋግ የለችም።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ፕሮፌሰሩ በሚያሳትመው ጽሑፍ ላይ የእሷንም ስም ሊጨምር አሰበ። በሻይ ሰዓት ሁላችንም በተሰበሰብንበት ተናገረ። እሷ ቀና አለች። እኔ ምላሴ ቀደመኝ፦ «ፎቶ ያጠበ ሁሉ ሊቅ ከሆነማ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፕሮፌሰሩም ሳቀ። ስሟ አልገባም።

ስኒዋን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰች፣ ኮቷን ለበሰች። እህቷ ቤት አሥራ ሰባት ቀን ቆየች።

አለቆች መቅረቷን እንዳያውቁ ሥራዋን ተደብቄ ሠራሁላት። ፎቶ ቤት ሲታተም የተቀባው ፊት ወደ ወረቀቱ ይዞራል፤ ከልጅነቴ ያየሁት ያንን ነው። በእኛ ተቋም ሕጉ ተቃራኒ ነበር፦ የተቀባው ፊት ወደ ላይ፣ ጨረሩ እንዳየው። ሕጉን የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ ማሽኑን እንጂ ጨለማውን አላውቅም። ዘጠኝ ፕሌት በፎቶ ቤት ሕግ አተምኩ። ግራው ቀኝ ሆነ። ከጀርባቸው የእሷን ክብና ነጥብ አስመስዬ ሣልኩ።

አላወቅሁም ነበር።

30።

ቅዳሜ፣ 16

«አላወቅሁም ነበር» ያልኩት ከትናንት ጀምሮ እንደ እሾህ ወጋኝ። ላውጣው።

እያንዳንዱ ፕሌት ጠርዙ ላይ በመርፌ የተጫረ ቁጥር አለው። ሳትማቸው ቁጥሮቹ ተገልብጠው ወጡ። አየኋቸው። አንድ ነገር እንደተበላሸ አወቅሁ፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን የምጠይቃት ሰው እህቷ ቤት ናት። መቀስ አነሳሁና ጠርዛቸውን ቆረጥኩ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመለሰች። አልበሙን ገልጣ ብዙ ቆየች። «እንደገና ላትማቸው?» አለችኝ። «ማን ያየዋል ብለሽ ነው!» አልኳት። ደግማ አላነሳችውም። ያኔ እሷ ከተናገረችው ይልቅ የእኔን መልስ ነው ደጋግሜ የምሰማው።

እንግዲህ የልጅ ልጇ አየችው።

ዝም ብል በ15 ትመጣለች። ብናገር ምዕራፉ ይፈርሳል፣ ፈተናው ይተላለፋል። በዚያ አገር ቀጠሮ ካመለጠ ስድስት ወር ነው ይላሉ። ስድስት ወር ለእሷ ምንም አይደለም። ለእኔም ምንም አይደለም። (ዛሬ ጫማ አላጠለቅሁም። ነጠላ ጫማ ይሻላል።)

ፈታኞቹ ራሳቸው ቢደርሱበትስ? ፎቶውን ገልብጠው ከጀርባው ምን ያያሉ? ክብና ነጥብ። አንድ ጊዜ ስሟን ከወረቀት ላይ አስፋቅሁ። አሁን ደግሞ ስሟ የሚጠራው በእኔ ጥፋት ሊሆን ነው።

29። መቁጠሩን ጠላሁት፤ ግን እቆጥራለሁ።

ማክሰኞ፣ 19

ደወልኩ።

«ጠጠር፣ ክሪስታልሽ ግራኝ ነው።»

«እሺ፣ ሰላም በልልኝ።»

«ቀልዴን አይደለም።»

«አባባ፣ ማይክሮስኮፑ ውስጥ መብራት አብርተው የሚያድሩ ትንንሽ ሰዎች አሉ ስትለኝም ‹ቀልዴን አይደለም› ነው ያልከው። ክፍል ውስጥ ተናግሬ ዓመቱን ሙሉ መሣቂያ ሆኜ ከረምኩ።»

«ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር።»

«አሁን ሃያ ዘጠኝ ነኝ፤ አርባ ገጽ ማረም ይቀረኛል። ስመጣ ሁለታችንም እንስቃለን፣ እሺ? ቻው የኔ ጌታ።»

ዕድሜ ልክ ውሸት ስቸረችር ኖሬ፣ ዛሬ አንድ እውነት ይዤ ብወጣ ገዢ አጣሁ።

ዓርብ፣ 22

ደረጃው ላይ ትንሽ ዐረፍ አልኩ። ትንሽ ማለት ከምሳ እስከ ዝናብ።

ልጄ ጠየቀች። «ደመና ስቆጥር ነው» አልኳት።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ውስጥ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። «ማነው?» የሚል ቢገኝ ዛሬ ማን እንደምሆን አስቤ ነበር።

ቅዳሜ፣ 23

ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱን ቀደድኩ፤ ቀልድ ሾልኮ ገብቶባቸው ነበር። አራተኛው ላይ ሁሉንም አስቀመጥኩ፦ የሻይ ሰዓቱን፣ አሥራ ሰባቱን ቀን፣ የፎቶ ቤቱን ሕግ፣ መቀሱን። «ምልክቱ የአያትሽ ነው፣ እጁ ግን የእኔ» ብዬ ጨረስኩ። አንዱን ፕሌት በሹራቤ እጅጌ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ።

አድራሻውን እንድትጽፍልኝ ልጄን ጠራሁ። ደብዳቤውን አነበበችው። አልከለከልኳትም።

«እማዬ አክስቴ ቤት የሄደች ጊዜ ነው?»

«ታስታውሽዋለሽ?»

«አሥራ ሰባት ቀን ጨው የሌለው ሾርባ በልቼ እንዴት ልርሳው?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እጅህ እማዬን እማዬን ይሸት ነበር። ያንን ኬሚካል። ተደብቃ የመጣች መስሎኝ ስታስተኛኝ እጅህን ይዤ አልለቅም ነበር።»

የካርቶኑን ክዳን ገጠምኩ።

«ይሄን ከላክኸው እኮ በ15 አትመጣም፣ አባዬ።»

«አስተማሪ አይደለሽ? ሒሳቡን ታውቂያለሽ።»

«ሐኪሙ ደውሎልኛል።»

«ኧረ? እንዴት ነው፣ ደኅና ነው?»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና አድራሻውን በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈቷ ጻፈችው። ፖስታ ቤት ራሷ አደረሰችው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ነፋስ ነው አለች። በዚህ ቤት ነፋስና ትንኝ በዙ።

ረቡዕ፣ 27

ምንም የለም።

ሰዓት ሠሪው መጣ። «በአርባ ዓመት ውስጥ አራት ቀን ሙሉ ሳትሰድበኝ ስትቀር የመጀመሪያህ ነው። ሞተህ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ። «ቢሆንማ ካንተ ቀድሞ ወሬውን ማን ያወራው ነበር» አልኩት። የግድግዳ ሰዓቴን ሳልጠይቀው ሞላልኝ። ሲወጣ ልጄን በር ላይ አነጋገራት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለልጅሽ ንገሪያት እንጂ» ሲል ሰማሁት። «እሱ ካልፈቀደ አይሆንም» አለችው። ጆሮዬ የማይሰማ መስሏቸዋል።

18 ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት።

ቅዳሜ፣ 30

ደወለች።

«አባባ፣ ፕሌቱ ደርሷል። ጠርዙ ላይ ያለው ቁጥር በተቀባው ፊት በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል። መዘውሩ ግራ ነው።»

«አዎ።»

«ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳየው አሁንም ስትቀልድ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ፈለግሁ፤ አንድም ቀልድ የለበትም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

«ምዕራፉስ?»

«ፈረሰ። ፈተናው ለስድስት ወር ተላልፏል።» ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። «ግን ታውቃለህ? ግራ ከሆነ የተሻለ ይገጥማል። አንድ ዓመት ሙሉ እንቢ ያለኝ ሒሳብ ነበር፤ እኔ የራሴ ድክመት መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ከሥሩ መሥራት አለብኝ። በል ስምንቱንም ላክልኝ። ደግሞ አንድ እማማ የነካችውን። አንድ ብቻ።»

«እሱን አበድርሻለሁ እንጂ አልሰጥሽም።»

«ስሟን ሙሉውን እጽፋለሁ። ስማቸው ላልተጻፈ ምናምን ቀርቷል። ያንተንም እጽፋለሁ፣ ከነጥፋትህ።»

«ጥፋቱን ሰፋ አድርገሽ፤ ስሜ አጭር ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። ስለ ምዕራፉ አልነበረም። «ለምን ድሮ አልነገርከኝም?» አለች። «ላይሽ ስለፈለግሁ» አልኳት። እውነትን ሳላሽሞነሙን ስናገር ለራሴም ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«አባባ፣ ስድስት ወር ነው። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቅሻለሁ!» አልኳት። «በር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ እንደ ዘበኛ።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ 3

ስምንቱ ፕሌቶች ሄዱ፤ እሷ በከንፈሯ የነካችውም አንዱ አብሯቸው ሄደ። ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልነገረችኝም። አብረን ዝናቡን እያየን ዋልን።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። እንደ እኔ ላለ ሰው የሚደንቅ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈጠርኩት። እሱንም ልናዘዝ፣ ጠጠር አንድ ቀን ብታነበው እንዳትታለል።

ቅዳሜ «እጠብቅሻለሁ» አላልኳትም። ወንበሩም፣ ኮፍያውም፣ ዘበኛውም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የመጡልኝ ናቸው። «ትጠብቀኛለህ?» ስትለኝ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። አልሳቀችም፣ አልሳቅሁም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። የእኔ እንዴት እንደሚወጣ እሷም ሰምታ መሆን አለበት። ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «አትናገር አባባ፣ ብቻ አትዝጋው» አለችኝ።

አልዘጋሁትም። የዘጋችው እሷ ናት፣ ሲነጋባት።